እርስዎ ካልነበሩ ይንገሩኝ

ጋሽ ፈንታሁን ማረፋቸውን የነገረኝ ሰው አይደለም፤ ስክሪን ነው። የእንጅባራ ብርድ መቼም የታወቀ ነው፤ ጠዋት ጣቶቼን በትንፋሼ እያሞቅሁ ኮምፒውተሬን ከፈትሁ። በመሥሪያ ቤታችን ስምና ፓስወርድ ከመጻፋችን በፊት ብቅ የምትል አንዲት የመልእክት ሳጥን አለች። እዚያች ላይ «ጋሽ ፈንታሁን ዛሬ ንጋት ላይ አርፈዋል። ቀብራቸው በትውልድ ቦታቸው በጥሊሊ በስምንት ሰዓት ነው። መኪና ከግቢው በር በአምስት ሰዓት ይነሳል» ይላል። ከሥሩ እንደ ወትሮው «የተጠቃሚ ስም» የሚለው ባዶ ቦታ ይጠብቀኛል። ስሜን መጻፍ አቃተኝ። ያችን ሳጥን የሠሯት እሳቸው ነበሩ፤ እኔን ደግሞ እዚያች ሳጥን ፊት የሚያስጨንቀኝ የራሴ ጉዳይ አለኝ።

ለማያውቃቸው ልንገር። ሥራችን የገበሬውን የመሬት ይዞታ መዝግቦ መያዝ ነው። የቱ ማሳ የማን ነው፣ ድንበሩ ከየት እስከ የት ነው፣ ሁሉም ሰርቨሩ ውስጥ አለ። የሰርቨሩ ጠባቂ ጋሽ ፈንታሁን ነበሩ። በወጣትነታቸው በጽሕፈት መኪና የሚጽፉ ጸሐፊ ነበሩ፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ማንም ሳያስተምራቸው መጽሐፍ እያገላበጡ ለመዱት። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት አንድ አመድማ ካፖርት የማይለያቸው ሰው። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቁ ሁለት ጊዜ ሳያንኳኩ አይገቡም። «ለማን ነው የሚያንኳኩት?» ብዬ ስቄባቸው አውቃለሁ።

«የስንት ሰው ማሳ ያለበት ቤት ነው፤ ዘው ተብሎ ይገባል እንዴ?» አሉኝ።

ለክፍሉ ማቀዝቀዣ ይገዛ የተባለ ጊዜም «የእንጅባራ ብርድ እያለ? ለሱማ ጋቢ ብንደርብለት ይሻላል» ብለው ስብሰባውን በሳቅ በትነውታል።

ታዲያ እንዲህ ቀልደኛ ቢሆኑም አንድ ነገር አይሆንላቸውም ነበር፤ ሰውን ፊት ለፊት መውቀስ። አንድ ነገር ሊሉህ መጥተው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ በካፖርታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ደግመው ይጠርጋሉ፣ «በል እንግዲህ…» ብለው ይወጣሉ። ሊሉ የፈለጉትን በማግስቱ ሳጥኗ ላይ ታገኘዋለህ። ከእሳቸው በፊት እዚያ ቦታ ላይ ማሽኑ ይዞት የመጣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር፤ አንድም ቀን ያነበበው ሰው አልነበረም። እሳቸው አጠፉትና በፊደላችን ይጻፍ አሉ። ፊደሉ እምቢ አለ። ሳምንት ሙሉ ስንከፍት የሚታየን ሳጥን ሳጥን፣ ነጥብ ነጥብ ብቻ ነበር። «ጋሽ ፈንታሁን ድግምት ጻፉብን» እያልን ስንቀልድባቸው ሰነበትን። አንድ ቀን ጠዋት ግን «እንደምን አደራችሁ። የምትከፍቱት የሰው ማሳ ነው፤ እግራችሁን ጥረጉ» የሚል ጥርት ብሎ ወጣ። አማርኛው ሥር በአዊኛ ደግመውታል። ያን ቀን ጽዳት ሠራተኞቻችን ሳይቀሩ መጥተው አዩት።

ከክልል እንግዶች የመጡ ጊዜ የሆነውን አልረሳም። ኃላፊያችን ያኔ ገና ጎልማሳ ነበር፤ እንግዳ ፊት ማሳየት ይወዳል። «ጋሼ፣ ሲከፈት ‹እንኳን ደህና መጡ› ይበል፤ ባህላችን እኮ ነው» አላቸው። ጋሽ ፈንታሁን መነጽራቸውን ጠረጉ።

«በር ላይ ‹እንኳን ደህና መጡ› ብዬ ጽፌ ሌባ ቢገባ ምን ብዬ ልከሰው ነው? ጠርተኸኝ መጣሁ ቢለኝስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ሌባ ይመጣል!»

«እንግዲህ…» አሉና ወጡ። በማግስቱ እንግዶቹ ከኋላችን ቆመው ኮምፒውተር ሲከፈት ሳጥኗ ላይ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? «ክቡራን እንግዶች፣ ለእናንተ ሻይ በኃላፊው ቢሮ ተዘጋጅቷል። ይህ በር ግን የሠራተኛ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢገባ በሕግ ይጠየቃል።» ኃላፊያችን ላብ በላብ ሆነ። ደግነቱ የእንግዶቹ አለቃ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፣ እኛም ተከትለን ሳቅን።

እኛ ግን ሌባው ከውጭ የሚመጣ ይመስለን ነበር። እውነቱን ልናገርና ፓስወርድ እንደ ጨው ነበር የምንበዳደረው። አንዱ ለቅሶ ሲሄድ፣ አንዷ ልጇ ሲታመምባት፣ «በእኔ ግቢና ጨርሽልኝ» ትላለች። አልሰጥም ማለት ነውር ነው። «ምነው፣ ሰው አታምኚም እንዴ?» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ምሳ አብሮሽ የሚበላ አታገኚም። ጋሽ ፈንታሁን ይህን ያውቃሉ። አንድ ቀን ሳጥኗን አዲስ አድርገው ሠሯት። ስምሽን አስገብተሽ ሥራውን ከመክፈትሽ በፊት እንዲህ ትልሻለች፦ «ባለፈው የገቡት በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ነው። እርስዎ ካልነበሩ ይንገሩኝ። አልቆጣም። ፈንታሁን።»

«አልቆጣም» የምትለዋን ነበር የምንወድላቸው። መቼ ተቆጥተው ያውቁና!

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። እህቴ ዳንግላ ወልዳ ስትተኛ አራት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ያልጨረስሁት ሥራ ነበረኝና ጎኔ የሚቀመጠው አያልነህ «ምን ያስጨንቅሻል? ፓስወርድሽን ስጪኝና ሂጂ» አለኝ። እናቴ የታመመች ጊዜ ስንት ቀን ሸፍኖልኛል። ሰጠሁት። ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት፤ ወረቀቱን ኪሱ ሲከተው አሁንም ይታየኛል።

ሰኞ ስመለስ ሳጥኗ «ባለፈው የገቡት ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው» አለችኝ። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት እኔ ዳንግላ ገንፎ እያገነፋሁ ነበር። ቢሮውስ ቅዳሜ መች ይሠራል? እርስዎ ካልነበሩ ይንገሩኝ። ሥራዬን እየጨረሰልኝ ይሆናል ብዬ አለፍሁት። አለፍሁት እንጂ አልለቀቀኝም፤ እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ዶሴ አሥር ጊዜ አነበብሁ። አያልነህን በቀልድ አስመስዬ «ቅዳሜም ትሠራልኝ ጀመር እንዴ?» አልሁት።

«ለአንቺ ብዬ ዕረፍቴን ሠዋሁ፤ ምስጋናሽ ይኸው ነው?» አለና ተቀየመኝ።

አፈርሁ። ይቅርታ ሁሉ ጠየቅሁት፣ ሞኟ። ጋሽ ፈንታሁን በዚያው ቀን ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። እህቴ በደህና መገላገሏን ጠየቁኝ፣ ወንድ ነው ሴት አሉኝ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ «በይ እንግዲህ…» ብለው ሄዱ። ያን ጊዜ ብነግራቸው ኖሮ! ግን ምን ብዬ? ፓስወርድ ማበደሬን ራሴ ላውጣው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልሁ።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ ጥሩነሽ መጡ። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። የመሬት ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በመቀነታቸው አስረው ይዘዋል። አማርኛቸው አዊኛ አዊኛ ይላል፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«ልጄ፣ የባሌ ወንድም ማሳው የኔ ነው የሚል ወረቀት አሳየኝ። ከእናንተ ኮምፒውተር የወጣ ነው ይላል። ዛፌን ነገ ጠዋት ሊያስቆርጥ ሰው ይዟል። እኔ ደብተሬ ይኸው፤ እስቲ ኮምፒውተሩን ጠይቂልኝ።»

ዛፉ ዲከረንስ ነው፤ በዚያ አገር ለከሰል የሚተከለው። ተተክሎ አምስት ክረምት ይጠበቃል። አንዴ ከተቆረጠ የሴትዮዋ አምስት ዓመት ተቆረጠ ማለት ነው። የማሳውን ቁጥር ከደብተሩ አይቼ ከፈትሁ። እውነትም የባለይዞታው ስም ተለውጧል። «የለወጠው» የሚለው ቦታ ላይ ስም አለ። ትርንጎ ይላል። የእኔ ስም። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

አያልነህ ጎኔ ተቀምጦ ወረቀት እየበሳ ነው፤ ቀና እንኳን አላለም። እማማ ጥሩነሽ አፍ አፌን ያዩኛል። ወህኒ ቤት ታየኝ፣ እናቴ ታየችኝ፣ ከሥራ የወጣሁበት ደብዳቤ ታየኝ። ስክሪኑን ቶሎ ዘጋሁና ምን አልሁ መሰላችሁ?

«እማማ፣ ኔትወርክ የለም። ነገ ይምጡ።»

በዚህ አገር ኔትወርክ የለም ከተባለ ማን ይከራከራል? «እሺ ልጄ፣ እስኪመጣ ከውጭ ልቀመጥ» ብለው ወጡ። በመስኮት አያቸዋለሁ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጡ። ኋላ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ተነሥተው ሄዱ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ውኃ እንኳን አልጠጣሁም።

ረቡዕ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ሳጥኗ ተለውጣለች። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለባት።

«ትናንት ኔትወርክ አልተቋረጠም።»

ከወዲያ ከወዲህ ሠራተኛው ያነብባል። «ምን ማለታቸው ነው ጋሽ ፈንታሁን?» ይባባላሉ፣ ይስቃሉ። እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ። ኋላ እንደሰማሁት የግቢው ዘበኛ ጠዋት ሲገቡ «አንዲት እናት ኔትወርክ ስትጠብቅ ውላ ሄደች» ብሏቸው፣ እሳቸውም ገብተው ማን ምን እንደከፈተ አይተዋል። ተነሣሁ። የሰርቨሩን ክፍል በር ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ።

«ግቢ» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ወረቀቷን፣ ቅዳሜን፣ ዳንግላን፣ የእማማ ጥሩነሽን ዛፍ፣ ኔትወርክ የለም ማለቴን። አልቅሼ ነው የነገርኋቸው። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁ፤ አልጠረጉትም፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ዛፉ ዛሬ ነው የሚቆረጠው?»

«ዛሬ ጠዋት ብለዋል።»

እንደዚያ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ኃላፊው ቢሮ ሳያንኳኩ ገቡ። «ይቁም» የሚል ደብዳቤ እስኪጻፍ፣ ማኅተም ያዡ እስኪፈለግ አራት ሰዓት ሆነ። አዲስ ቅዳም የሚሄደው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ደግሞ ሌላ ጭንቅ! ጋሽ ፈንታሁን ረዳቱን «ልጄ፣ ሙሉ ነው በል፤ የቀረው ወንበር ሁሉ የእኔ ነው» አሉት። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ከአዲስ ቅዳም በባጃጅ፣ ባጃጁ ጭቃ ሲይዘው በእግር። ገና ሳንደርስ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን።

ደብዳቤውን አሳይተን አስቆምን። ግን ምን ይሆናል፣ ከግማሽ በላይ ተጋድሟል። እማማ ጥሩነሽ አንዱ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ደብተራቸው እንደ ትናንቱ ጭናቸው ላይ ነው። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«መጣሽ ልጄ? ኔትወርኩ መጣ?»

ለነገር አልነበረም የጠየቁኝ። ከልባቸው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ! ጋሽ ፈንታሁን አጠገባቸው ግንዱ ላይ ተቀመጡና በአዊኛ ለረጅም ጊዜ አናገሯቸው። እኔ አዊኛ የምሰማው ትንሽ ነው፤ ስሜን ግን አንድም ጊዜ አልጠሩም።

ስንመለስ «ጋሽ ፈንታሁን፣ ኧረ እባክዎ ይቆጡኝ» አልኋቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አንቺ ዘግይተሽም ቢሆን ተናገርሽ» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «እኔ ነኝ እንጂ…» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ምን ለማለት እንደፈለጉ የገባኝ ጉዳዩ በኮሚቴ በታየ ጊዜ ነው።

አያልነህ መጀመሪያ ካደ፣ ኋላ አመነ። የእማማ ጥሩነሽ ባል ወንድም በጋብቻ ዘመዱ ኖሯል። የአያልነህ ጉዳይ ወደ ሕግ ሄደ። እኔን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ማሳው በእማማ ጥሩነሽ ስም ተመለሰ። ነገሩ አለቀ ስንል ጋሽ ፈንታሁን እጃቸውን አወጡ።

«የእኔ አልታየም» አሉ።

«የምን የእርስዎ?» አለ ኃላፊያችን።

«ቅዳሜ በትርንጎ ስም ሰው መግባቱን ሰኞ ጠዋት አይቻለሁ። ትርንጎ ዳንግላ እንደነበረች አውቃለሁ። ጠረጴዛዋ ድረስ ሄጄ ነበር፤ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አፍሬ ተመለስሁ። ሳጥኗ ትጠይቅልኛለች ብዬ። ረቡዕ ጠዋት እንኳን ትርንጎ ጋ ሮጬ እንደመሄድ ቁጭ ብዬ መልእክት ጻፍሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር። ይጻፍልኝ።»

ማንም አልጠየቃቸውም እኮ! ኃላፊያችን «ይተዉት ጋሼ» ብሎ ለምኗቸዋል። እምቢ አሉ። ተጻፈ፤ ከተጻፈ ደግሞ ቅጣት አለውና ከሰርቨሩ አንሥተው ንብረት ክፍል አስገቧቸው። ያ ሁሉ እውቀት ወንበርና ጠረጴዛ ሲቆጥር ዋለ። ሞኝ ናቸው ያላቸው ብዙ ነው። እኔ ንብረት ክፍል እስክሪብቶ ልወስድ ስሄድ ዓይናቸውን ማየት ይጨንቀኝ ነበር። እሳቸው ግን ተለውጠው ነበር። ሰው ሲያዩ ቀጥ ብለው ይሄዱና «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም፤ ንገሪኝ» ይላሉ። ሲጠይቁ ፊታቸው ይቀላል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ቢሆንም ይጠይቃሉ። ጡረታ እስኪወጡ እንዲሁ ነበሩ።

እኔስ? ዳንግላ እህቴ ጋ ስሄድ ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ሲደርስ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው። አንድም ቀን ወርጄ «እማማ፣ እንደምን ከረሙ?» ብዬ አላውቅም። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ።

የቀብሩ ዕለት ጥሊሊ ላይ ዝናብ አካፋ። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት ሴት ሰው እየገፉ መጥተው እጄን ያዙ። እማማ ጥሩነሽ ናቸው። አርጅተዋል።

«ትርንጎ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉኝ። «ሁሉም ጸድቋል። ዘንድሮ ለመቆረጥ ደርሷል።»

«ምኑ እማማ?»

«ችግኙ ነዋ። ያ ሰው ክረምት በመጣ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ ካፖርቱን አውልቆ ሲተክል፣ ሲኮተኩት ይውል ነበር። ‹ትርንጎ ናት የላከችኝ፤ እሷ ሥራ በዝቶባት ነው› ይለኛል። ይኸው አደረስሽኝ።»

ለእንግዳ ክብር ሲባል እንኳን የማይገባ ቃል በር ላይ አልጽፍም ያሉ ሰው፣ ለእኔ ሲሉ በየክረምቱ ዋሽተዋል። ድንኳኑ ሞልቷል፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ከጎኔ ነው፣ ሰው ያየናል። «ምን አደረግሁ ብለው ነው እማማ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቷል። ይህን ብል ማን ያውቅብኛል? እውነቱን የሚያውቁትን አንድ ሰው አሁን አፈር አልብሰን መምጣታችን ነው።

«እማማ» አልሁ። «እኔ አልላክኋቸውም። እስከዚች ሰዓት ድረስ አላውቅም ነበር።»

እማማ ጥሩነሽ ጠጋ አሉኝ።

«እኔም አምኜው አላውቅ» አሉኝ። እጄን ግን አልለቀቁም።